አዲስ መኪና ስታዝዙ ኦፕሽንና ቀለም አመራረጥ፦ ለወሎ መንገድ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ አዲስ መኪና አዝዘው ከተረከቡ ሰዎች የምሰማው ምሬት ሁሌም አንድ ነው። «ፉል ኦፕሽን ናት ብለውኝ ነበር» ይላሉ። ከዚያ ዝርዝሩ ይከተላል። ስኮርታ የላትም። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ሁሉ ቻይንኛ ነው። ግቢ ስትገባ ሆዷ መሬት ይነካል። በሯ ተጭሮ ቀለሟን የሚያመሳስል ቀቢ ጠፋ። ከእነዚህ አንዱም የመኪናዋ ጥፋት አይደለም። ሁሉም ትዕዛዝ ላይ የተሠሩ ስህተቶች ናቸው።

ይህ መመሪያ ስፖርት መኪና ወይም ስፖርት መልክ ያላት መኪና ለማዘዝ ገንዘቡን ላዘጋጀ ሰው ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለተከለከለ የማወራው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ቀለም 5ኛ ላይ የተቀመጠው ሆን ተብሎ ነው። ብዙ ሰው ከቀለም ጀምሮ ሌላውን ሁሉ ሳያይ ይፈርማል።

ደረጃ 1፦ መንገዳችሁን መዝግቡ

ሾው ሩም ከመሄዳችሁ በፊት ለዚህ አንድ ሳምንት ስጡት። በየቀኑ የት ሄዳችሁ እንደተመለሳችሁ፣ ስንት ሰው አብሯችሁ እንደነበረ ደብተር ላይ ጻፉ። መኪና ከሌላችሁ በባጃጅና በሚኒባስ የሄዳችሁበትን ጻፉ። ከዚያ ሦስት ነገር ለኩ።

1. የግቢያችሁን መግቢያ። ደሴ ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ብዙ ግቢ ከኮብልስቶኑ ተነስቶ በአንዴ ሽቅብ ይወጣል፤ መሃል ላይ ደግሞ የውሃ ቦይ አለ። እንዲህ አድርጉ። ሁለት ዱላ ያዙ። በሁለቱም ላይ ከመሬት 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ሲባጎ እሰሩ። ዱላዎቹን በ2.8 ሜትር አራርቁ፤ ይህ በግምት በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ነው። ሲባጎውን ወጥራችሁ መግቢያው ላይ ከታች እስከ ላይ አሳልፉት። አንድ ቦታ መሬቱ ሲባጎውን ከነካ፣ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላት መኪና እዚያ ቦታ ሆዷን ትመታለች። በ15 እና በ18 ድገሙት። ሳይነካ ያለፈው ቁጥር ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ፤ አራት ሰውና ሻንጣ ሲጫን መኪናዋ ዝቅ ትላለች።

2. ማደሪያዋን። ጣሪያ አለው? ዛፍ ሥር ነው? ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው?

3. የቤታችሁን መብራት። ቆጣሪው ሲንግል ፌዝ ነው ወይስ ስሪ ፌዝ? ዋናው ብሬከር ስንት አምፒር ነው? የመሬት ሽቦ አለው? ይህን ለራሳችሁ አትገምቱ፤ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

*ችግር ቢገጥም፦* መግቢያችሁ 18 ሳንቲ ሜትሩንም ካላሳለፈ ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንድ፣ ቦዩ ላይ የብረት ፍርግርግ አስደርጋችሁ ሽቅቡን በኮንክሪት አለዝቡት። ሁለት፣ ዝቅ ያለችውን መኪና ተዉ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከሆዷ ሥር ነው ያለው። «ቀስ ብዬ እገባለሁ» የሚለው ከሁለት ወር በላይ አያዛልቅም።

ደረጃ 2፦ ለየትኛው ገበያ እንደተሠራች ለዩ

አንድ ስም ያላቸው ሁለት መኪኖች አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። አንዷ ለቻይና ገበያ፣ ሌላዋ ለውጭ ገበያ የተሠራች ናት። ኦፕሽን ከመምረጣችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

- መሰኪያው ምንድን ነው? ለቻይና ገበያ የተሠራችው ጂቢ/ቲ የሚባለውን ይዛ ትመጣለች። ለውጭ ገበያ የተሠራችው ብዙ ጊዜ ሲሲኤስ 2 ናት። በምትመላለሱበት መስመር ያሉት ቻርጀሮች የትኛውን እንደሚይዙ በዓይናችሁ እዩ።
- ስክሪኑ ወደ እንግሊዝኛ ይቀየራል? «እንቀይረዋለን» ካሏችሁ እዚያው ቀይረው ያሳዩአችሁ። ሶፍትዌሩ ሲታደስ ተመልሶ ቻይንኛ ይሆናል ወይ ብላችሁም ጠይቁ።
- የስልክ መተግበሪያው እዚህ ይሠራል? ካልሠራ፣ በስልክ የሚታዘዝ ለሚባል ነገር ሁሉ ምንም አትክፈሉ።

*ችግር ቢገጥም፦* መኪናዋ መጥታ መሰኪያው የተለየ ከሆነ ሁለት አዳፕተር ጠይቁ፤ አንዱ ለቤት ቻርጅ፣ አንዱ ለፈጣን ቻርጅ። የቤቱን አዳፕተር ለፈጣኑ መጠቀም አይቻልም። ርካሽ አዳፕተር ደግሞ ይግላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቻርጅ ስታደርጉ በ10 ደቂቃ ውስጥ በእጃችሁ ንኩት። ካቃጠላችሁ አቁሙና መልሱት።

ደረጃ 3፦ ባትሪና ሞተር ምረጡ

እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ቸርኬ በኋላ ይቀየራል፣ ወንበር በኋላ ይለበሳል። ባትሪ ግን የዛሬ ውሳኔ ነው።

ሻጩ «600 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ሲላችሁ በየትኛው መለኪያ ብላችሁ ጠይቁ። ሲኤልቲሲ የሚባለው የቻይና መለኪያ በጣም ቸር ነው። እኔ ከሱ ላይ 30 በመቶ ቀንሼ ነው የማስበው። ደብሊውኤልቲፒ የሚባለው የአውሮፓው ለእውነት ይቀርባል።

ከዚያ ተራራውን አስቡ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማበር ብቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣላችሁ። ከነጭነቷ 2,000 ኪሎ የምትመዝን መኪና ለዚያ ሽቅብ ብቻ፣ ከመደበኛው ፍጆታ በላይ፣ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች። 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ካላት አንድ ስድስተኛው ነው። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ምን ያህል ሊቀራችሁ እንደሚገባ አስቀድማችሁ አስሉ። አዲስ አበባ በወር አንዴ የምትሄዱ ከሆነ ትልቁን ባትሪ እዘዙ። ሥራችሁ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ መካከል ከሆነ ትንሹ ይበቃችኋል፤ በተረፈው ገንዘብ የቤት ቻርጀር አስገጥሙ።

የባትሪውን ዓይነትም ጠይቁ። ኤልኤፍፒ የሚባለው ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ቢወጣ ይችላል፤ ብዙ አምራቾችም አልፎ አልፎ እስከ 100 በመቶ እንዲሞላ ይመክራሉ። ኤንኤምሲ የሚባለው ቀለል ይላል፤ ግን ለዕለት ተዕለት ከ80 እስከ 90 በመቶ ላይ ማቆም ይሻላል። ለኛ ኑሮ ኤልኤፍፒን እመርጣለሁ።

ባለ ሁለት ሞተር፣ ማለትም አራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ባትሪም ይበላል። በልግና ክረምት ጭቃ ወዳለበት ገጠር የምትወጡ ከሆነ ያስፈልጋችኋል። ለከተማ ኮብልስቶን ግን አንድ ሞተርና ጥሩ ጎማ በቂ ነው። ለፍጥነት ብላችሁ ብቻ አትጨምሩ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርዱት የሐረጎ መታጠፊያዎች የሚፈልጉት ፍሬን ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦* ደሴ ላይ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልታችሁ ወዲያው ወደ ኮምቦልቻ አትውረዱ። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁል ስትወርድ ሞተሯ ወደ ጀነሬተርነት ተለውጦ ይይዛታል፣ ባትሪዋንም ይሞላል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን ማስገቢያ የለውም፤ ያ መያዣ ይደክማል፣ ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ከደሴ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር ያላነሰ ቁልቁለት ነው። በ85 በመቶ ተነሱ። ለዚህ ሲባል ቻርጅ የሚቆምበትን መጠን ከስክሪኑ ላይ መወሰን የምትችል መኪና እዘዙ።

ደረጃ 4፦ ጎማ፣ ቸርኬና ስፖርት ፓኬጅ

በጣም የምለምናችሁ እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ቸርኬ ያምራል፤ እኔም አያለሁ። ግን ጎማ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ተማሩ። 235/45 19 ማለት የጎማው ስፋት 235 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ፣ ቸርኬው 19 ኢንች ነው። 235 ሲባዛ በ0.45፣ 106 ሚሊ ሜትር። 225/60 17 ደግሞ 135 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው 3 ሳንቲ ሜትር ጎማ ጉድጓድ ስትገቡ ቸርኬውን ከመታጠፍ የሚያድነው ነው።

እንዲህ እዘዙ፦

1. ለሞዴሉ ከተፈቀዱት ቸርኬዎች ትንሹን ኢንች ምረጡ። ብዙ ጊዜ ዋጋውም ይቀንሳል፣ የምትሄዱት ርቀትም ትንሽ ይጨምራል።
2. የፊትና የኋላ ጎማ ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ስፖርት መኪኖችና አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪኖች ኋላቸው ሰፊ ነው። እንዲህ ከሆነ ጎማ ከፊት ወደ ኋላ ማዘዋወር አይቻልም።
3. ያንን ቁጥር ይዛችሁ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ሦስት ጎማ ቤቶች ሂዱ። «ይሄ አላችሁ?» በሏቸው። ሦስቱም «ከአዲስ አበባ እናስመጣለን» ካሉ ቸርኬውን ቀይሩ።
4. ስኮርታ እዘዙ። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪና የሚመጣው ጎማ በሚደፍን ፈሳሽና በትንሽ መንፊያ ብቻ ነው። ፈሳሹ ሚስማር የበሳውን ይደፍናል፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ላይ ግን ከንቱ ነው። ከነቸርኬው፣ ከነክሪኩ፣ ከነመፍቻው እዘዙ። ሻንጣ ቤት ውስጥ ቦታ ካልተሠራለት አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ ይጨመርበት።

ስፖርት ፓኬጅ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለ ፓራውልት፣ የጎን ቀሚስ፣ ጠንካራ ስፕሪንግና ትልቅ ቸርኬ ነው። መልኩን ከወደዳችሁት ለያይታችሁ ጠይቁ፦ «ፓራውልቱ ብቻ ይመጣል? ስፕሪንጉ ሳይቀየር?» ካልተለያየ ተዉት።

እውነተኛዋን ዝቅ ያለች ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና የምታዝዙ ከሆነ መጀመሪያ የምትጽፉት ኦፕሽን አፍንጫዋን ከፍ የሚያደርገውን ይሁን። ቁልፍ ሲጫን ፊቷን ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ያነሳል። ከፋብሪካ ካልታዘዘ በኋላ መጨመር እጅግ ከባድ ነው። የካርበን ሴራሚክ ፍሬን ግን አትዘዙ። ለውድድር ሜዳ ግሩም ነው፤ አንድ ዲስክ ቢሰነጠቅ ግን ዋጋው ያስለቅሳል፤ ክፍሉንም እዚህ አታገኙትም።

ደረጃ 5፦ ቀለም

አሁን ቀለም። ሦስት ጥያቄ አለ፤ ውበት መጨረሻ ይመጣል።

*አንደኛው፦ ሲጫር ማን ይቀባዋል?*

ወንድሜ ፐርል ነጭ አዘዘ። ታምር ነበር። በወሩ ደሴ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ባጃጅ የኋላ በሯን ታከከው። ጭረቱ የአንድ ጣት ርዝመት ነው። ቀቢው የታወቁ ጋሼ ናቸው፤ በሩን በጣታቸው ዳሰሱና «ልጄ፣ ይሄ አንድ ቀለም አይደለም፤ ሦስት ነው» አሉት። ሦስት ጊዜ ቀቡት። ጥላ ውስጥ ልክ ይመስላል። የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ያ በር ቅቤ የነካው ይመስላል። ዛሬም እንደዚያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦

- ሶሊድ ብልጭታ የሌለው ተራ ቀለም ነው። ለማመሳሰል ቀላሉ እሱ ነው።
- ሜታሊክ ውስጡ የብረት ብናኝ አለበት። በጥሩ እጅ ይመሳሰላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተጫረው በር ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱም እየሳሳ መቀባት አለበት።
- ፐርል ሦስት ነገር ነው፦ መሠረት፣ ዕንቁ የሚመስል ንብርብርና መስታወት የሚመስል ሽፋን። የመሃሉ ንብርብር ትንሽ ከወፈረ ወይም ከሳሳ መልኩ ይለወጣል።
- ማት የማያብለጨልጭ ነው። ሲጫር በፖሊሽ አይወጣም፤ ፖሊሽ ካደረጋችሁት ያብለጨልጫል። ቁራጩ በሙሉ እንደገና ይቀባል። ኮብልስቶን ላይ ለምትውል መኪና በፍጹም አትዘዙ።

*ሁለተኛው፦ ፀሐይና አቧራ።*

ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። አየሩ ብርድ ስለሆነ አይታወቀንም፤ ቀለሙ ግን ያውቀዋል። ቀይ ቶሎ የመደብዘዝ ጠባይ አለው። ጥቁር ደግሞ በአቧራማ ጨርቅ የተጠረገበትን እያንዳንዱን ክብ ጭረት ያሳያል። ወደ ባቲና ከሚሴ የምትመላለሱ ከሆነ ጥቁር ይግላል፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ ባትሪ ይበላል። አቧራና ጭቃ በደንብ የሚሸሽጉት ብርማና መካከለኛ ግራጫ ናቸው።

*ሦስተኛው፦ ጉም።*

ግራጫ አቧራ ይሸሽጋል፤ ራሱንም ይሸሽጋል። ክረምት ላይ ደሴ ጉም ሲወርድባት፣ ወይም ጣርማበር ላይ፣ ግራጫ መኪና ከአስፋልቱና ከጉሙ ጋር አንድ ይሆናል። ነጭም ከጉም ጋር ይቀላቀላል። እዚህ የሚያድነው መብራት ነው። በብዙ መኪኖች ቀን ላይ በራሱ የሚበራው የፊት መብራት ብቻ ነው፤ ኋላው ጨለማ ነው። ስለዚህ የኋላ የጉም መብራት ያለውን እዘዙ። ጉም ሲመጣም «አውቶ» ላይ አትተዉት፤ በእጃችሁ አብሩ።

የኔ ምክር ሶሊድ ነጭ ወይም ቀላል ብርማ ነው። ሰማያዊ ሜታሊክ የሚወድ ሰውም አልከለክልም። በመኪናዋ ደስ ሳይላችሁ መኖርም ትክክል አይደለም። ግን ከመፈረማችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ፦

1. ቀለሙን በስልክ ፎቶ ወይም በካታሎግ አትምረጡ። ያ ቀለም ያላትን መኪና አስወጥታችሁ ደጅ እዩ። ሾው ሩም ውስጥ ያለው መብራት ሁሉንም ያሳምራል።
2. ሁለት ጊዜ እዩዋት፤ ቀን 6 ሰዓት ላይና ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ። በቀጥታ ፀሐይና በሰያፍ ፀሐይ አንድ ቀለም ሁለት ይሆናል።
3. ያው ቀለም ያላት፣ ሁለትና ሦስት ዓመት ደጅ ያደረች መኪና ፈልጉ። ጣሪያዋንና ኮፈኗን እዩ። የሚደበዝዘው መጀመሪያ እዚያ ነው።
4. የቀለሙን ኮድ ተቀበሉ። «ነጭ» ኮድ አይደለም። ኮዱን ይዛችሁ የምታምኑት ቀቢ ጋ ሂዱና «ይህን መቀመም ትችላለህ?» በሉት። ያመነታ ከሆነ ሌላ ቀለም።

*ችግር ቢገጥም፦* የፈለጋችሁት ቀለም የለም፣ «ሌላ ቀለም ግን ነገ ትወስዳላችሁ» ቢሏችሁ አትቸኩሉ። ቀለሙ ከ1 እስከ 4 ያለውን ፈተና ካለፈ ውሰዱ። ካላለፈ ጠብቁ። ጥቁር ጣሪያ ያለው ባለ ሁለት ቀለም ካቀረቡላችሁ ጣሪያው ቀለም ነው ወይስ የተለጠፈ ላስቲክ ብላችሁ ጠይቁ። የተለጠፈው ፀሐይ ላይ ከጠርዙ ይነሳል።

ደረጃ 6፦ የውስጥ ቀለም

አጭር ነው። ነጭ ወንበር አትዘዙ፤ የበልግ ጭቃና የጂንስ ቀለም አይለቅም። ድፍን ጥቁር ኮምቦልቻ ላይ እኩለ ቀን ያቃጥላል። ግራጫ ወይም ቡኒ ይሁን። የመስታወት ጣሪያ ካለ ከፋብሪካ የሚመጣ መጋረጃው አብሮ ይታዘዝ። መጋረጃ የማይኖረው ከሆነ ብረት ጣሪያውን ምረጡ፤ ክረምት ላይ በረዶ ሲጥልም ትተኛላችሁ።

ደረጃ 7፦ ለምኑ ትከፍላላችሁ፣ ለምኑ አትከፍሉም

ክፈሉ፦

- ዙሪያውን የሚያሳይ ካሜራ። ጠባብ ሽቅብ ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ ስትገቡ ታመሰግኑኛላችሁ። ሌንሱን በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።
- የባትሪ ሥር መከላከያ ብረት። ከፋብሪካ ከሌለ ለሞዴሉ የተሠራ ይሁን። ባትሪው ላይ ምንም ነገር አትበይዱ፣ አትብሱ።
- ከመኪናዋ ኤሌክትሪክ ወደ ውጭ የሚያወጣ መስመር። መብራት ሲጠፋ አምፖል፣ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ታሠራለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ ከአብዛኞቹ አቅም በላይ ነው። ቡና ማፍያውን አዎ፣ እንጀራውን አይ።
- የቤት ቻርጀር። በተራ ሶኬት 10 አምፒር ስትስቡ 2.2 ኪሎዋት ነው። የ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪን ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ ከ16 ሰዓት በላይ ይወስዳል። በ7 ኪሎዋት ቻርጀር ወደ 5 ሰዓት ተኩል ነው። ማታ ሰክታችሁ ጠዋት ትነሳላችሁ።

አትክፈሉ፦

- መስመር ጠብቆ በራሱ የሚነዳ። መስመሩ ያልተቀባ መንገድ ላይ የሚያነበው የለም። በጎች ከፊት ሲያቋርጡ የሚያስፈልገው የናንተ ዓይን ነው።
- ቻይንኛ ብቻ የሚሰማ የድምፅ ረዳት።
- በር ውስጥ ገብቶ የሚደበቅ እጀታ። ጭቃና አቧራ ገብቶበት አልወጣ ይላል። ሌላ አማራጭ ከሌለው በድንገተኛ ጊዜ ከውስጥም ከውጭም በእጅ እንዴት እንደሚከፈት ሳያሳዩአችሁ አትረከቡ። ለቤተሰቡም አሳዩ፤ ልጆችን ጨምሮ።

ደረጃ 8፦ ውል

እዚህ ላይ «ፉል ኦፕሽን» የሚለው ቃል ይሞታል። ውል ውስጥ አይግባ። ትርጉም የለውም። በምትኩ እያንዳንዱ ነገር በየመስመሩ ይጻፍ፦

1. ሞዴል፣ የምርት ዓመት፣ የትኛው ገበያ ስሪት፣ የባትሪ መጠንና ዓይነት፣ ሞተር።
2. የጎማ ቁጥር ፊትና ኋላ። ስኮርታ ከነዕቃው።
3. የቀለም ኮድ ውጭና ውስጥ።
4. የመሰኪያ ዓይነት፣ ቻርጀርና አዳፕተር።
5. ከደረጃ 7 የመረጣችሁት ሁሉ፣ አንድ በአንድ።
6. ቀለም ወይም ኦፕሽን ከተለወጠ ምን እንደሚሆን። ይመለሳል? ዋጋ ይቀነሳል? ስንት?
7. ዋጋው በብር የተቆረጠ መሆኑ፣ ታክሱን ማን እንደሚከፍል፣ የማስረከቢያ ቀን።

7ኛውን ቀላል አታድርጉት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ዋጋው በውል ያልተቆረጠለት ሰው ልዩነቱን ይጠየቃል።

የምትሰጡት ገንዘብ ስሙ ምን እንደሆነም ይጻፍ። ቀብድና ቅድመ ክፍያ አንድ አይደሉም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት፣ በውል ሌላ ነገር ካልተስማማችሁ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። «ቅድመ ክፍያ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ይህ ጥበቃ የላችሁም።

*ችግር ቢገጥም፦* ሻጩ «ይሄ ሁሉ አይጻፍም፣ እኛ እንተዋወቃለን» ካለ በፈገግታ «ስለምንተዋወቅ ነው የምንጽፈው» በሉት። አሁንም እንቢ ካለ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ውጡ።

ደረጃ 9፦ ስትረከቡ

ቀን ተረከቡ፤ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ካለፈ ቀጠሮውን ለነገ አድርጉት። ዝናብ ላይ ወይም ሳትታጠብ አትረከቡ፤ ውሃና አቧራ ጭረት ይሸሽጋሉ።

1. የሻንሲ ቁጥሩን አንብቡ። ቻይና የተሠራች ከሆነ በኤል ፊደል ይጀምራል። 10ኛው ፊደል የሞዴል ዓመት ነው፤ አር 2024፣ ኤስ 2025፣ ቲ 2026 (በፈረንጅ)። መኪናዋ ላይ፣ ውሉ ላይና ሰነዱ ላይ ያለው አንድ መሆን አለበት።
2. ጎማው ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ፈልጉ። 1225 ከሆነ በ2025 12ኛው ሳምንት ላይ ተሠራ ማለት ነው። የመኪናዋ ዕድሜና የጎማው ዕድሜ መቀራረብ አለበት።
3. የስልካችሁን መብራት ከብረቱ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ በሮቹን፣ ፓራፋንጎውን፣ ኮፈኑን እዩ። ከወደብ እስከዚህ በመንገድ ላይ የተጫረ፣ ተቀብቶ የተሸፈነ አለ። የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ሰው ካገኛችሁ ይዛችሁት ሂዱ። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። አንዱ በር ብቻ 250 ካሳየ ተቀብቷል።
4. ቻርጅ ሰክታችሁ እዩ፤ በቤቱም በፈጣኑም።
5. ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ አስለኩ። ወደብ ላይ ብዙ የቆመች መኪና ቀድማ የምትደክመው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ዋናው ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናዋ አትነሳም።
6. የውሉን ዝርዝር ይዛችሁ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ምልክት አድርጉ። ስኮርታውን አውጥታችሁ ጎማ ላይ ግጠሙት፤ ልኩ መሆኑን በዓይን አትፍረዱ።

*ችግር ቢገጥም፦* የጎደለ ነገር ካለ የርክክብ ወረቀቱ ላይ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ። «ሰኞ እናመጣላችኋለን» የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ይስፈር፣ ከነቀኑ። ፎቶ አንሱ። ጉድለቱን ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ካያችሁት በዚያው ቀን በጽሑፍ አሳውቁ። ሕጉም ገዢ ዕቃውን ቶሎ እንዲመረምርና ሳይዘገይ እንዲናገር ይጠይቃል፤ የዘገየ ሰው መብቱን ሊያጣ ይችላል።

ከመውጣታችሁ በፊት በኮዱ የተቀመመ ትንሽ ብልቃጥ ቀለም ጠይቁ። ኮዱን በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጻፉና ብልቃጡ ላይ ለጥፉት። ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ ከሊብሬው ቅጂ ጋር አስቀምጡት።